የኳስ ሜዳና የመብት ጥያቄ፦ እግር ኳስ በኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ሕግ

እግር ኳስን ለማኅበራዊ አካታችነት የማዋል ሥራ በአፍሪካ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1987 በናይሮቢ የተመሠረተው የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር ነው። ቡድኖች ሰፈራቸውን በማጽዳት የሚያገኙት ነጥብ በሊጉ ውጤታቸው ላይ ይደመራል። በእኛ አገር መሰል ሥራዎች ሲጠኑ ግን የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ምን ለውጥ አመጣ የሚለው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚያ ይቀድማል፤ ሕጉ እንዲህ ያለውን ሥራ ምን ብሎ ይጠራዋል?

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በአንቀጽ 14 የበጎ አድራጎት ዓላማዎችን ሲዘረዝር የአማተር ስፖርትንና የወጣቶችን ደኅንነት ማስፋፋትን አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። በዚያው ዝርዝር የጾታና የሃይማኖት እኩልነት፣ የአካል ጉዳተኞችና የሕፃናት መብት፣ እንዲሁም ግጭት መፍታትና ዕርቅ ይገኛሉ። እነዚህ ግን ከገቢያቸው ከ10 በመቶ ያልበለጠውን ብቻ ከውጭ ለሚያገኙ የኢትዮጵያ ድርጅቶችና ማኅበራት የተከለሉ ነበሩ። ስፖርት ክፍት ሆነ፤ ስፖርቱ ሊያደርስበት የሚፈለገው ስፍራ ግን ታጠረ።

የመለያየቱ ውጤት በሜዳ ላይ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። በውጭ ገንዘብ የሚተዳደር ድርጅት አካል ጉዳተኛ ለሆነ ልጅ ኳስና ማሊያ ሊሰጠው፣ ሊያሠለጥነውም ይችል ነበር። የሜዳው መግቢያ ለተሽከርካሪ ወንበር የማይመች ከሆነ ግን የልጁን መብት አንሥቶ የሚመለከተውን አካል መወትወት ከተከለለው ክልል ይገባል። ሁለት የተቃቃሩ ቀበሌዎችን ወጣቶች በአንድ ቡድን ማሰለፍስ ስፖርት ነው ወይስ ዕርቅ? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው አዋጁ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ በ2002 ዓ.ም. መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል፤ የስምምነቱ አንቀጽ 30 በስፖርት መሳተፍን ከመብት ይቆጥረዋልና።

የ10 በመቶው ገደብ ድርጅቶችን ወደ አገር ውስጥ ገንዘብ ይገፋል የሚል ክርክር ነበር። ክርክሩ በትልልቅ ከተሞች ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። በማቻከል ወረዳ አማኑኤልን በመሰለች የጎጃም ደጋ ከተማ ግን ሕዝቡ በቋሚነት የሚያዋጣው ለእድር፣ ለማኅበርና ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለኳስ መዋጮ ቢገኝ ለአንድ ውድድር ማሊያ ያህል ነው።

ሜዳ ሰውን እኩል ያደርጋል የሚለው ሐሳብ ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም። በገና ጨዋታ የጌታና የሎሌ ልዩነት ለዕለቱ ይላላል፤ በዱላ የተመታ ሹም አይቆጣም። ይሁን እንጂ ገና በልማዱ የወንዶች ጨዋታ ነው። እኩልነቱ ሜዳ ለገቡት እንጂ ከቶውንም ላልገቡት አልደረሰም። የእግር ኳስ በጎ አድራጎት ከልማዳዊው ጨዋታ የሚለየው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ውኃ ልትቀዳ የወረደችውን ልጅ ወደ ሜዳ ለማምጣት ከቤተሰቧ ጋር የሚነጋገር፣ ሰዓቱን የሚያመቻች ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው አሠልጣኙ ነው። አዋጁ ከወጪ ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር እንዲውል ሲደነግግ፣ አጨቃጫቂ የሆነው ከቁጥሩ ይልቅ የአስተዳደር ወጪ ትርጉም ነበር። የጉዞ፣ የሥልጠናና የክትትል ወጪዎች በአስተዳደር ሥር ሲመደቡ፣ ሥራው ራሱ ሰው በሆነበት ፕሮግራም ላይ ጫናው ይበረታል። ኳስ መግዛት «ዓላማ»፣ ኳሱን ይዞ መንደር ለመንደር መዞር ግን «አስተዳደር» የሚሆንበት አቆጣጠር የሥራውን ጠባይ የተረዳ አይመስልም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በገንዘብ ምንጭ ላይ የተመሠረተውን ክልከላ አንሥቷል። የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርገውም፣ ትርጉሙን ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ግንኙነት በሌላቸው ወጪዎች ወስኖታል። ለአሠልጣኙ ሁለተኛው ለውጥ ከመጀመሪያው አያንስም።

ሆኖም አዋጁ የሚመለከተው የውጭ ድርጅቶችን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትንና በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ የተቋቋሙትን ነው። በአማኑኤል ብቻ ለመሥራት የሚደራጁ ወጣቶች ጉዳይ የሚታየው በክልሉ ሕግ ነው፤ አጥኚም እነርሱን ሲያጠና መጀመር ያለበት ከዚያ ሕግ ነው።