ዓሣን ማኖርም በብልሃት ነው

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ሲባል ያልሰማ የለም። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ መብላት ሳይሆን ስለ ማኖር ነው። የራቤል ልጅ ስለ ዓሣ ሲጽፍ «በግሼ ብርድ ደግሞ ምን ዓሣ አለ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ራቤል የሚኖረው አጎቴ ለመስኖ ያስቆፈረው፣ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ አለው። «አምባዛና ቆሮሶ ባንድ ላይ ብጨምር ይስማማሉ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ለጫጩት መግዣ ሁለት በግ ሊሸጥ አስቧል። በግምት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም ማለት ነው።

አንደኛ፦ አፉን እዩ

አምባዛ በሪዙ እየዳሰሰ በተለይ ማታ ማታ የሚያድን፣ አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። አድጎ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሕጉ አጭር ነው፤ አፉ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ለሱ ጎረቤት ሳይሆን ራት ነው።

ቤታቸው በመስታወት ገንዳ ለጌጥ ዓሣ ለሚያኖሩም ያው ነው። ኮሪዶራስ የተባለው ትንሹ የደቡብ አሜሪካ የአምባዛ ዘመድ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ከትናንሽ ሰላማዊ ዓሦች ጋር ደህና ይኖራል። ቀይ ጅራት ያለው የአማዞኑ ዘመዱ ግን በልጅነቱ ቢያምርም አድጎ ከ1 ሜትር ያልፋል፤ የትናንት ጓደኞቹን ይውጣቸዋል። ስለዚህ «የአምባዛ ዘር ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ሲያድግ ምን ያክላል ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ!

ሁለተኛ፦ መብላቱም ሊጠቅም ይችላል

ቆሮሶ በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ይጀምራል። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙው ይተርፋል። ታዲያ ኩሬው በጫጩት ይሞላል፣ ምግብ ይሻማሉ፣ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። አርቢዎች ለዚህ መላ አላቸው። ቆሮሶው ጠና ካለ በኋላ በመጠን ከሱ የሚያንሱ ጥቂት አምባዛዎች ይጨምራሉ። አምባዛው ትልልቆቹን መዋጥ ስለማይችል ትርፉን ጫጩት ይለቅማል። በመስታወት ገንዳ ጥፋት የነበረው እኮ ኩሬ ላይ ሥራ ሆነ።

ሦስተኛ፦ ሙቀቱን ለኩ

ለአጎቴ ጥያቄ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቆሮሶ የሚፋፋው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከ16 ዲግሪ በታች መብላቱን ወደ ማቆም ይሄዳል፤ ወደ 11 ሲወርድ ይሞታል። አምባዛ ብርዱን ከቆሮሶ ይልቅ ቢችልም በብርድ ውስጥ አያድግም። የቤት ገንዳ ማሞቂያ ይገባለታል፤ የራቤልን ኩሬ ማን ያሞቀዋል? ወደ መርሐቤቴ ወርዶ በጀማ ሸለቆ ቆላ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር።

እናም ለአጎቴ ያልኩት ይህን ነው፦ በጎቹን ከመሸጥህ በፊት ቴርሞሜትር ግዛ፤ ውሃውን ጎህ ሲቀድና ከሰዓት በኋላ ለካ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እስኪያልፍም ቁጥሩን መዝግብ። መዝገቡን ይዘህ ሰበታ ወይም ባሕር ዳር ያሉትን የዓሣ ምርምር ማዕከላት አማክር። ውሃው ለቆሮሶ ከቀዘቀዘ ብርድ ስለሚችለው ካርፕ ጠይቅ።

ውድ አንባብያን፣ ገንዳ ያላችሁም ኩሬ ያላችሁም፣ ሁለት ዓሣ ከማገናኘታችሁ በፊት የአንዱን አፍ፣ የሌላውን መጠንና የሁለቱንም ሙቀት እወቁ። መስማማት በዝምድና አይመጣም። ቸር ይግጠመን።