በስልክ ገንዘብ ይበልጥ የሚታለለው ማነው?

«ስግብግብ ሰው ነዋ!» እንላለን። ሁልጊዜ ግን እንዲያ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማንበብ የማይችሉ ወገኖቻችንም በስልክ ገንዘብ መላላክ ለምደዋል።

አክስቴ አንዷ ናት። አንድ ቀን «2,000 ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት መጣላትና ለጎረቤት ልጅ አስነበበች። ወዲያው አንድ ሰው ደወለ፦ «እማማ፣ ተሳስቼ ነው የላክሁት፤ የልጄ ማሳከሚያ ነው፣ ይመልሱልኝ!» እሷም «የሰው ገንዘብ ይዤ አላድርም» ብላ በልጁ እጅ ላከችለት። ለካ የገባ ብር የለም፤ መልእክቱን የጻፈው ራሱ ደዋዩ ኖሯል!

እንግዲህ አክስቴን ያስጠቃት ስስት ሳይሆን ሐቀኝነቷና ሒሳቧን በራሷ ዓይን ማየት አለመቻሏ ነው። መልእክት ማንም ይጽፋል፤ ቀሪ ሒሳብ ግን አይዋሽም። ስለዚህ እጩ መምህራን ሆይ፣ ነገ ስንመደብ ለጎልማሶች ከፊደልና ከቁጥር ጋር ይህንንም እናስተምር፦ ብር ከመመለስ በፊት *127# ነክቶ ቀሪ ሒሳብን ማየት።