የጠየቅነው ዝርዝር ለምን ይዘገያል?

ወረታ ላይ ተቀምጠን ባሕር ዳር ካለ የመረጃ ቋት የ20,000 ተማሪዎችን ስም ዝርዝር ጠየቅን እንበል። መልሱ እስኪደርስ ቡና ይፈላል። ብዙዎቻችን «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል» ብለን እናልፈዋለን። መዘግየቱ ግን ከፍለጋው ወይም ከመስመሩ ሊሆን ይችላል፤ መልእክትን ማመቅ የሚረዳው ጥፋቱ የመስመሩ ሲሆን ነው።

እስቲ እናስላው። ለአንድ ተማሪ 200 ባይት ብንይዝ ጠቅላላው 4 ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም 32 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። በሴኮንድ 256,000 ቢት በሚያሳልፍ መስመር 125 ሴኮንድ ይፈጃል። ታምቆ ወደ አንድ አምስተኛ ቢወርድ 25 ሴኮንድ ይበቃዋል።

እንዴት ይታመቃል? መምህር ስም መዝገብ ሲሞላ የቀበሌው ስም ሲደጋገምበት ከሥር ሁለት ጭረት አድርጎ ያልፍ የለም? ዚቭና ሌምፔል በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የተደጋገመውን ትቶ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ሂድና ይህን ያህል ቅዳ» ይላል። አንዳንዶች ሩዝ ከመፈልፈል ጋር ያመሳስሉታል፤ እኛ አንስማማም። የሩዙ ገለባ ወጥቶ ይቀራል፤ እዚህ ግን ተቀባዩ ሲፈታው አንዲት ፊደል አትጎድልም።

የእኛ ጽሑፍ ደግሞ ለማመቅ ይመቻል። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው። «ደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረታ» የሚለው 13 ፊደል፣ ክፍተቱ ሳይቆጠር፣ 39 ባይት ነው። ይኸው 20,000 ጊዜ ሲመላለስ አስቡት!

ሆኖም ማመቅ መንገድ አያሳጥርም። ወረዳኔት ሲዘረጋ ብዙ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ጥያቄና መልስ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ መልሱ አንዲት ቁጥር ብትሆንም ያው ነው። እንዲያውም ትንሽን መልስ ማመቅ ትርፉ ድካም ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በምን እንወቅ? በዚያው ጥያቄ ዝርዝሩን ትተን ብዛቱን ብቻ እንጠይቅ። ብዛቱም ከዘገየ ነገሩ ፍለጋው ላይ ነውና ሰንጠረዡ ማውጫ ይሠራለት። ብዛቱ ቶሎ መጥቶ ዝርዝሩ ከተንቀራፈፈ ግን መስመሩ ነው። ማይኤስኪውኤልን የመሰለ የመረጃ ቋት መልሱን አምቆ መላክ ይችላል፤ ችግሩ፣ ጠያቂው ፕሮግራም ሲገናኝ ካልጠየቀው በራሱ አያደርገውም።