ሃርድ ዲስክ ስንከፍልና ፎርማት ስናደርግ፡ ዘርን ከቀለብ መለየት

መግቢያ

በእኛ ዲፓርትመንት የሚማር ሰው የማይቀርለት አንድ ሥራ አለ። ኮምፒውተር ይማራል ከተባለ ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ የቀድሞ አስተማሪም «እስቲ ና ፎርማት አድርግልኝ» ይለዋል። ለእረፍት ወደ አዲስ ዘመን፣ ወደ ወረታ ወይም ወደ ነፋስ መውጫ የሚገባ ተማሪ ሻንጣውን ሳያወርድ የሚጠብቀው ይኸው ነው። ቫይረስ ቢገባም ፎርማት፣ ማሽኑ ቢዘገይም ፎርማት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በርክቷል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን ራሱ ከባድ አይደለም፤ አብዛኛውን ማሽኑ ይሠራዋል። ከባዱ ነገር ምን እንደምናጠፋ በእርግጠኝነት ማወቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ዲስክ ሲከፈል ምን እንደሚሆን ማስረዳትና ስህተት የሚፈጠርባቸውን ቦታዎች ማሳየት ነው። ለዚህ ያነሳሳኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

1. የራሴ ጥፋት

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ካለ አንድ ትምህርት ቤት አንድ መምህር የቢሮ ዴስክቶፕ ይዘው መጡ። የተማሪዎች ውጤት ያለበት የሦስት ዓመት ሮስተር በውስጡ ነበር። «እባክህ ልጄ፣ ሮስተሩ ዲ ላይ ነው፤ ዲን አትንካብኝ» አሉኝ። «አይዞዎት ጋሼ፣ የማጠፋው ሲን ብቻ ነው» አልኳቸው።

ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት ነው። ከእኔ በፊት የጫነው ሰው እኩል ለሁለት ከፍሎታል። በመጫኛው ገጽ ላይ አንደኛው 232.4፣ ሌላኛው 232.8 ጊጋባይት ይላል፤ ስም የላቸውም። መጀመሪያ በትክክል መርጬ ጀመርኩ። መጫኑ ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሲመለስ መሽቷል፣ መምህሩ መኪና እንዳያመልጣቸው ቸኩለዋል፣ እኔም ቸኮልኩ። እንደገና ስጀምር የታችኛውን መስመር መርጬ ፎርማት አደረግሁ። ዊንዶውስ ተነሥቶ ዲን ስከፍት ያገኘሁት ሮስተር ሳይሆን መብራት ሲጠፋ በግማሽ የቀረውን የመጀመሪያውን ዊንዶውስ ነው።

ከፋይሎቹ የተወሰኑትን በማገገሚያ ፕሮግራም አወጣናቸው፤ ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ነው የመጡት። የቀረውን እኔና መምህሩ ከወረቀት ሮስተር ላይ ለአራት ቀን ስንጽፍ ከረምን። መምህሩ አልተቆጡም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ የእነዚያ ልጆች ውጤት በእኔ አንድ ክሊክ ቀርቶ ነበር።

2. ፓርቲሽን ምንድን ነው?

ፓርቲሽን ማለት አንድን ዲስክ ለተለያየ አገልግሎት መክፈል ነው። አከፋፈሉ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ፓርቲሽን ቴብል ይባላል። በክልላችን ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የተሰጠውን የመሬት ይዞታ ደብተር አስቡ። ማሳው ሜዳ ላይ ነው፤ የማን እንደሆነና ድንበሩ የት እንደሚያልፍ የሚናገረው ግን ደብተሩ ነው። ፓርቲሽን ስንሰርዝ በመጀመሪያ የምንቀደው ደብተሩን ነው። በመደበኛው ሃርድ ዲስክ ላይ ማሳው፣ ማለትም ዳታው፣ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል።

ደብተሩ ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው ኤምቢአር የሚባለው በ1983 እ.ኤ.አ. ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣ ነው። በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ለሰንጠረዡ የተመደበው 64 ባይት ብቻ ሲሆን ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን 16 ባይት ስለሚያስፈልግ ከአራት ዋና ፓርቲሽን በላይ አይይዝም። በተለመደው አሠራር ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታም ሊጠቀምበት አይችልም። አዲሱ ጂፒቲ ግን በዊንዶውስ እስከ 128 ፓርቲሽን ይይዛል፤ የሰንጠረዡንም ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ዩኢኤፍአይ ባላቸው አዳዲስ ማሽኖች የምንጠቀመው ይህንን ነው፤ ዊንዶውስ 11ም የሚጠይቀው ዩኢኤፍአይን ነው።

3. መጫኛው ሲ እና ዲ አይልም

ዋናው የስህተት ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ሲ እና ዲ የሚሉት ፊደሎች ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ራሱ የሚሰጣቸው መጠሪያዎች ናቸው። በመጫኛው ዝርዝር ላይ የምናየው የዲስክ ቁጥር፣ የፓርቲሽን ቁጥር፣ ጠቅላላ መጠን፣ ባዶ ቦታና ዓይነት ነው። ባለቤቱ «ዲን አትንካ» ሲል እኛ የምናየው «ዲስክ 0፣ ፓርቲሽን 3» የሚል ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አስቀድመን ካላዘጋጀን ግምት ውስጥ እንገባለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ፦

ሀ. እኩል አንክፈል። እኩል መክፈል ለወንድማማቾች ውርስ ደግ ነው፤ ለሃርድ ዲስክ ግን ወጥመድ ነው። መጠናቸው በግልጽ ከተለያየ በምሽትም በችኮላም አይምታቱም።

ለ. ስም እንስጥ። ዊንዶውስ እያለ በዲ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ሪኔም በማለት «ዳታ» ብሎ መሰየም አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስሙ በመጫኛው ዝርዝር ላይም ይታያል። እንዳይበላሽ በላቲን ፊደል ብንጽፈው ይሻላል።

ሐ. በወረቀት እንጻፍ። ማሽኑን ከማጥፋታችን በፊት ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍተን የየፓርቲሽኑን ቅደም ተከተልና መጠን እንመዝግብ። መብራት ቢጠፋ ወረቀቱ አይጠፋም።

4. ስንት ለማን?

500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 465 ገደማ፣ 1 ቴራባይት ደግሞ 931 ሆኖ ይታያል። ይህ ሌብነት አይደለም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚያባዙ ነው።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ነገር ግን አፕዴትና ፕሮግራም ሲጨመር ስለሚጠብ ከ100 በታች አልመክርም። ለ500ው ዲስክ 150 ለሲስተም ብንሰጥ ለዳታ ወደ 315 ይቀራል። መጫኛው መጠኑን በሜጋባይት ከጠየቀን 150ን በ1024 አባዝተን 153600 እንጽፋለን። በጂፒቲ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ ለራሱ ትናንሽ ፓርቲሽኖችን ይጨምራል፤ ማሽኑ የሚነሣበት መረጃ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ስለሚቀመጥ «ይህቺ ትንሿ ምን ትሠራለች» ብለን በኋላ አንሰርዛት።

5. ዲ መጠባበቂያ አይደለም

የፋርታ ገበሬ ድንች ሲያመርት ለዘር የሚሆነውን ከሚበላው ለይቶ ያስቀምጣል። ቀለብ ቢያልቅ ይገዛል፣ ይበደራል፤ ዘር ከተበላ ግን የሚመጣው ዓመት ተበላ ማለት ነው። ዊንዶውስ ቀለብ ነው፤ ቢጠፋ ከፍላሽ እንደገና ይጫናል። ሮስተሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሟች አባት ፎቶ ዘር ነው።

ብዙዎቻችን ዲ ላይ ማስቀመጥን እንደ መጠባበቂያ እንቆጥረዋለን። ሆኖም በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጎታ ቢኖር ቤቱ ሲቃጠል ሁለቱም አብረው ይቃጠላሉ። ሲ እና ዲ ያሉት በአንድ ዲስክ ላይ ከሆነ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ። ፓርቲሽን ሲስተም ስንቀይር ይጠቅመናል እንጂ ከብልሽት አያድነንም። ስለዚህ ከመጫናችን በፊት ቅጂ በሌላ ዲስክ ወይም በሌላ ማሽን ላይ ይኑር።

ባለቤቱ «ሁሉም ዲ ላይ ነው» ቢልም አንመን። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ዳውንሎድስ ካልተቀየሩ በስተቀር ሲ ውስጥ ናቸው። በየቢሮው የሚሠራበት የፒችትሪ የሒሳብ መዝገብም ብዙ ጊዜ ሲ ላይ ስለሚቀመጥ በራሱ በፕሮግራሙ የባክአፕ ትእዛዝ እናውጣው። የአማርኛ ፎንቶችንም አንርሳ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በድሮ ፎንት ሲጻፍ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሰነድ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ ፋይሉ ሳይጠፋ ጽሑፉ የላቲን ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል።

6. የሥራ ቅደም ተከተል

1ኛ. ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ ማድረግና ጥቂት ፋይሎችን በሌላ ማሽን ከፍቶ ማየት። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም።

2ኛ. ቢትሎከር ካለ የማገገሚያ ቁልፉን መያዝ። አለበለዚያ ያልነካነው ዲም ሊቆለፍብን ይችላል።

3ኛ. የኔትወርክ ድራይቨሩን አስቀድሞ በፍላሽ መያዝ።

4ኛ. ከመጫኛው ፍላሽ በስተቀር ውጫዊ ዲስኮችን ሁሉ መንቀል። ያልተሰካ ዲስክ በስህተት አይጠፋም።

5ኛ. ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን መሙላት፣ ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ መሥራት። ፎርማት መሀል ላይ ቢቋረጥ እንደገና ይደረጋል፤ የፓርቲሽን መጠን ስንቀይር ግን ዳታው ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚዛወር መቋረጡ አደገኛ ነው።

6ኛ. በመጫኛው ላይ ከስተም የሚለውን መርጦ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር፣ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያ የሲስተሙን ፓርቲሽን ብቻ ፎርማት ማድረግ። ባለቤቱ አጠገብ ካሉ እሳቸውም ይዩት።

7. «ክሊን» የሚለው ትእዛዝ

አንዳንዴ መጫኛው «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም፤ ዲስኩ ኤምቢአር ነው» ይለናል። ብዙ ተማሪ ወዲያው ዲስክፓርት ገብቶ «ክሊን» ይላል። ይህ ትእዛዝ አንድ ፓርቲሽን አይመርጥም፤ የመላውን ዲስክ ደብተር ይቀዳል፤ ዲም አብሮ ይሄዳል።

መልእክቱ የሚለን ፍላሹ በዩኢኤፍአይ መነሣቱንና ዲስኩ ግን አሮጌው ዓይነት መሆኑን ነው። ማሽኑ የድሮውን አነሣስ የሚደግፍና የምንጭነውም ሲስተም በዚያ የሚሠራ ከሆነ ከቡት ሜኑ ፍላሹን ዩኢኤፍአይ በሌለበት ስሙ መምረጥ በቂ ነው። ወደ ጂፒቲ መቀየር ግድ ከሆነም ቅጂው በእጃችን መኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ይሁን።

8. ከተሳሳትንስ?

እንቁም። የመጫኛው ፎርማት ፈጣኑ ዓይነት ስለሆነ ማውጫውን እንጂ ዳታውን በሙሉ አይደመስስም። ሙሉ ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ስለሚጽፍበት ከእሱ በኋላ የሚለቀም ነገር የለም። ስለዚህ ስህተታችንን እንዳወቅን መጫኑን ሳንቀጥል ማሽኑን እናጥፋ፤ ዲስኩን ፈትተን በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንሰካው። ነፃ ከሆኑት ፕሮግራሞች ቴስትዲስክ የተሰረዘ ፓርቲሽን ይፈልጋል፤ ፎቶሬክ ደግሞ ፋይሎችን በየዓይነታቸው ይለቅማል። የተገኘውን በሌላ ዲስክ ላይ እናስቀምጥ። ኤስኤስዲ ከሆነ ትሪም የሚባለው አሠራር የተለቀቀውን ቦታ ወዲያው ሊያጸዳው ስለሚችል ተስፋው አነስተኛ ነው። እኔ የዚያን ምሽት ስህተቴን ያወቅሁት መጫኑ ካለቀ በኋላ ነበር፤ አዲሱ ዊንዶውስ በሮስተሩ ላይ ተጽፎበት ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንመልስ፦ ዘሩ የት ነው? ቅጂው ተከፍቶ ታይቷል ወይ? የማጠፋውን በመጠኑና በስሙ አውቀዋለሁ ወይ? ለአንዱ እንኳ መልስ ከሌለን «ነገ ይምጡ» ማለት ነውር አይደለም። ያን ቀን መምህሩ መኪናው ቢያመልጣቸው የሚያጡት አንድ ሌሊት ነበር።