ተማሪ ከሞተ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ፈተናውን ያለፍን እንደሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ዩኒቨርሲቲ እንገባለን። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን፣ በሩቅ አገር ቢደርስም እኛንም የሚነካ አንድ ጉዳይ ለመጻፍ አሰብሁ።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፍራተርኒቲ የሚባሉ የወንድ ተማሪዎች ማኅበሮች አሉ። ቃሉ ወንድማማችነት ማለት ነው። አባሎቹ በማኅበሩ ቤት አብረው ይኖራሉ፤ ትምህርት ከጨረሱም በኋላ ይረዳዳሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ክፉው ነገር አዲስ ገቢውን እንፈትነዋለን እያሉ ማንገላታታቸው፣ ማዋረዳቸውና በላይ በላዩ መጠጥ ማጠጣታቸው ነው። ልማዱ የቆየ ነው። በ1873 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ለማኅበር መግቢያ በሌሊት ወደ ገጠር ተወስዶ ገደል ገብቶ ሞቷል።

አሁን የምጽፈው ግን በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስለ ደረሰው ነው። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ ዕድሜው 19 ዓመት የሆነ የ2ኛ ዓመት ተማሪ ቤታ ቴታ ፓይ በተባለው ማኅበር ቤት ለአዲስ አባሎች አቀባበል ተገኘ። ዐቃቤ ሕግ እንዳስረዳው በ82 ደቂቃ ውስጥ 18 ጊዜ መጠጥ ተሰጠው። ከዚያም ወደ ምድር ቤት በሚወስደው ደረጃ ወደቀ፤ ራሱ ተሰነጠቀ፤ ጣፊያውም ፈነዳ። ጓደኞቹ አንሥተው ሶፋ ላይ አስተኙት። በጀርባው ተንጋሎ ትውከቱ እንዳያፍነውም መጻሕፍት የሞሉበት ቦርሳ አሳዘሉት። አንድ አዲስ አባል እርዳታ እንዲጠራ ቢለምናቸው ገፍተው አባረሩት። እርዳታ የተጠራው 12 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ በማግሥቱ ነው፤ ልጁም ፌብሩዋሪ 4 ቀን ሞተ።

ይህን ሁሉ የመዘገበው በቤቱ ውስጥ የነበረው ካሜራ ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ያ ቦርሳ ነው። ቦርሳውን ያሳዘሉት ልጁ ሊሞት እንደሚችል ስላወቁ ነው። ባያውቁ ኖሮ ለምን ያሳዝሉታል? እያወቁ ግን ሐኪም አልጠሩም።

የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ምን አደረገ? በማርች ወር ማኅበሩን ለዘለዓለም አገደ። በጁን ወር ደግሞ፣ ያጠፋ ማኅበርን የመዳኘቱን ሥራ ከተማሪዎቹ ጉባኤ ወስዶ በራሱ እጅ አደረገ፤ የራሱን ሠራተኞች እየላከ ግብዣዎችን ማስመርመርም ጀመረ። ፈጥኖ ሠርቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ግራንድ ጁሪ የሚባለው ከሕዝብ የተውጣጣ መርማሪ ጉባኤ በዲሴምበር 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ዩኒቨርሲቲው የመጠጡንም የማንገላታቱንም ልማድ ከብዙ ጊዜ በፊት እያወቀ ችላ ብሏል ሲል በብርቱ ወቀሰው። ዩኒቨርሲቲው ወቀሳውን አልተቀበለም። በእርግጥም ቤቱ የዩኒቨርሲቲው ንብረት አልነበረም፤ በሌላ ሰው ቤት ገብቶ ማዘዝ ከባድ ነው። ቢሆንም በጁን የተቻለው ነገር በጃንዋሪ ለምን አልተቻለም? መልስ አላገኘሁለትም።

የልጁ ወላጆች ዝም አላሉም። ከእነርሱ ትግል የተነሣ በ2018 ዓ.ም. የፔንሲልቬንያ ግዛት በሟቹ ስም የተሰየመ ሕግ አወጣ። ማንገላታቱ ሞት ወይም ብርቱ ጉዳት ያስከተለ እንደሆነ እስከ 7 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ የትምህርት ተቋሞችም የደረሰውን ጥፋት ለሕዝብ እንዲገልጹ ይገደዳሉ። ከሁሉ የወደድሁት ግን እርዳታ የጠራ ሰው ከክስ የሚጠበቅበትን አንቀጽ ነው። ይህን ያረቀቁ ሰዎች የዚያን ሌሊት ፍርሃት የተረዱ ይመስለኛል፤ የጠራ ሰው ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ከሆነ ማን ይጠራል? በ2024 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በመላው አሜሪካ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ድርጊት ቆጥረው በየጊዜው እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ጸደቀ።

እኔም ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት እማር ነበር። እዚያ እንደ ገባሁ ታላላቆቹ በብርድ ሌሊት ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሰውብኛል። በዓመቱ እኔ ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆኜ በአንድ አዲስ ልጅ ላይ አፈሰስሁ። ልጁ አስም ነበረበት፤ እኛ አላወቅንም። ትንፋሽ ሲያጥረው «ያስመስላል» ብለን ሳቅን። ኋላ ግን አንዱ ሮጦ የመኝታ ቤቱን ኀላፊ ጠራና ልጁ ተረፈ። የሮጠው እኔ አይደለሁም። እንዲያውም «ታስቀጣናለህ» ብዬ እጁን ይዤው ነበር።

ኀላፊው በማግሥቱ ሁላችንንም ሰብስበው ያፈሰሰውን ከመጠየቃቸው በፊት የሮጠውን ልጅ በስሙ ጠርተው በፊታችን አመሰገኑት። እኛ ሦስት ሳምንት ግቢ ጠረግን። አስም ያለበት ልጅ ግን በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱን ለቅቆ ሄደ፤ ይቅርታም ሳልጠይቀው ቀረሁ። ዘንድሮ እርሱም እንደኛ ተፈታኝ መሆኑን ሰምቻለሁ። ምናልባት በአንድ ዩኒቨርሲቲ እንመደብ ይሆናል።