ከብቸና እስከ ሞጣ፦ የአሮጌ ጠመንጃዎች ማነጣጠሪያ በፊዚክስ ሲመዘን

በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አካባቢ፣ የጠመንጃ ስም ከታሪክ ጋር ይያያዛል። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ የሚባሉት መሣሪያዎች ከዐድዋ ዘመን አንሥቶ በተለያየ ጊዜ ወደ አገራችን የገቡ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በላይ ዘለቀና ሌሎች የጎጃም አርበኞች ከጠላት የማረኩትን መሣሪያ ጭምር ይዘው ተዋግተዋል። በ1960 ዓ.ም. የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬዎች የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውመው ሲነሡም የጠመንጃ ምዝገባ ከቅሬታዎቻቸው አንዱ ነበር።

ጥይት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን አንድ ተኩስ መሳት ቀላል ጉዳት አልነበረም። የመሳቱ ምክንያት ግን የተኳሹ እጅ ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የአሮጌ ጠመንጃዎችን የብረት ማነጣጠሪያ እያነጻጸርን፣ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ በፊዚክስ ዐይን እንመለከታለን።

ሁለት ብረት፣ አንድ መስመር

የብረት ማነጣጠሪያ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንዱ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመ ትንሽ ብረት ሲሆን፣ ሌላው ወደ ዐይን ቀረብ ብሎ የተቀመጠ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ነው። ተኳሹ ሁለቱን ከዒላማው ጋር በአንድ መስመር ያውላል።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ወሳኝ ነው። በአጭሩ የማውዘር ጠመንጃ ይህ ርቀት 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፊተኛው ብረት ከስንጥቁ መሐል በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ፣ በተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ሕግ መሠረት በ300 ሜትር ላይ ስሕተቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ርቀቱ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነው የአሜሪካ ጋራንድ ላይ ግን ያው መዛነፍ 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያስከትላል። የእጅና የዐይን ስሕተት አንድ ሆኖ ሳለ የመሣሪያው ቅርጽ ውጤቱን ይለውጠዋል ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

በኋለኛው ማነጣጠሪያ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች የስበትን ሕግ በብረት ላይ የጻፉ ናቸው። አረሩ ከአፈሙዝ እንደወጣ መውደቅ ስለሚጀምር፣ ዒላማው በራቀ ቁጥር አፈሙዙ ቀና ማለት አለበት።

ስሙን «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ያገኘው ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ነው። አረሩ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይጓዛል። የአየርን ግጭት ለጊዜው ብንተወው፣ 300 ሜትር እስኪደርስ 2.2 ሜትር ገደማ ይወድቃል። በሴኮንድ 750 ሜትር የሚጓዝ የማውዘር አረር ግን በዚያው ርቀት የሚወድቀው 78 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

አሁን ተኳሹ ርቀቱን 300 ሜትር ብሎ ገምቶ ዒላማው 400 ሜትር ላይ ቢሆንስ? በዚሁ ስሌት የውጅግራው አረር በ97 ሴንቲ ሜትር፣ የማውዘሩ ደግሞ በ35 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቀርፋፋ አረር ላለው ጠመንጃ ርቀትን በትክክል መገመት እጅግ አስፈላጊ ነው። የጣሊያን እ.ኤ.አ. የ1938 ካርካኖ የማይስተካከል ቋሚ ማነጣጠሪያ ይዞ ሊሠራ የቻለውም የአረሩ መንገድ ቀጥ ያለ በመሆኑ ነው።

በአንዳንድ ማውዘሮች ላይ የምናየው 2,000 የሚል ቁጥር ሊያሳስተን አይገባም። ከዐይን አንድ ሜትር ርቆ ያለ የ2 ሚሊ ሜትር ብረት በ1,000 ሜትር ላይ የ2 ሜትር ስፋት ይጋርዳል፤ አንድ ሰው ከበስተኋላው ፈጽሞ ይሰወራል። ሩቅ ቁጥሮች የተቀረጹት ብዙ ወታደር በአንድነት ሰፊ ቦታ ላይ እንዲተኩስ ነበር።

የደጋው አየር

የማነጣጠሪያ ልኬት በተሠራበት አገር የአየር ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። ብቸናና ሞጣ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ይገኛሉ። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ የአየር እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው በ22 በመቶ ገደማ ያንሳል። አረሩን የሚገታው ኃይል በዚያው መጠን ስለሚቀንስ፣ አረሩ ቁጥሩ ከሚያመለክተው ከፍ ብሎ ያርፋል። ልዩነቱ በቅርብ ጥቂት ሲሆን በሩቅ ይጎላል።

ስንጥቅ ወይስ ቀዳዳ?

ዐይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንድ ርቀትን ብቻ ነው። በስንጥቅ ማነጣጠሪያ ግን ሦስት ነገሮች ማለትም ስንጥቁ፣ የፊቱ ብረትና ዒላማው በሦስት ርቀት ይቀመጣሉ። ዕድሜ ሲገፋ የዐይን ሌንስ ስለሚደርቅ ችግሩ ይብሳል። በጋራንድ ላይ ያለው ቀዳዳ ወደ ዐይን ስለሚጠጋ የሚገባውን ጨረር ያጠብባል፤ በዚህም የቅርቡም የሩቁም ነገር ይጠራል። ተኳሹም ከሦስት ይልቅ ሁለት ነገሮችን ብቻ ያስተካክላል። ዋጋው ግን የብርሃን መቀነስ ነው፤ በማለዳና በምሽት ስንጥቁ ሊሻል ይችላል።

ሙከራ

ይህን ለማረጋገጥ ጠመንጃ አያስፈልግም። በ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ አንድ ጫፍ ላይ ስንጥቅ ያለው ካርቶን፣ በሌላው ላይ ስፒል ያቁሙ፤ በግድግዳ ላይ ያለ ፊደልም ያነጣጥሩ። ሦስቱ በአንድነት እንደማይጠሩ ያስተውላሉ። ከዚያም በጥቁር ወረቀት ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ በስተው ወደ ዐይንዎ ያስጠጉ። ምስሉ ይጠራል፤ ይጨልማልም። ስፒሉን በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያዛንፉት ደግሞ በ3 ሜትር ግድግዳ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ስሕተት ያገኛሉ። በአንድ ሜትር ማስመሪያ ቢደግሙት ስሕተቱ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

እንግዲህ «የትኛው ጠመንጃ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በስም ብቻ አይመለስም። በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ የአረሩ ፍጥነት፣ የአየሩ እፍግታና የተመልካቹ ዐይን በአንድነት ይመዘናሉ። ማንኛውም መለኪያ የተሠራበትን ሁኔታ ይዞ ይጓዛል፤ ቦታው ሲለወጥ ልኬቱን እንደገና መፈተሽ የሳይንስ ተማሪ ግዴታ ነው።