የእርዳታ እህል አማና ነው



ከጨው ባሕር በስተሰሜን፣ በወይጦ ወንዝ አካባቢ ያለውን የአርቦሬን አገር አስቡ። ከ2013 እስከ 2015 ዝናቡ እየተደጋገመ ሲቀር በደቡብ ኦሞ ብዙ ከብት አለቀ። ከብቱ ላለቀበት ሰው የእርዳታ ስንዴ የልጆቹ እራት ነው።

ሰኔ 2015ን ታስታውሳላችሁ? የእርዳታ እህል ወደ ገበያና ወደ ዱቄት ፋብሪካ መሄዱ ሲደረስበት፣ ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ለወራትም ቆየ። ሌላው ሰረቀ፤ ጦሙን ያደረው ግን ምንም ያልነካው ድሃ ነው። ሌብነትን አይቶ ዝም ማለት ጉዳቱ እስከዚህ ይደርሳል።

ማጭበርበሩን ለይተን እንወቀው፦

• የሞተ ወይም የሌለ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ ሲኖር
• የተረጂውን ካርድ ሌላ ሰው ሲይዝበት
• ለመመዝገብ ገንዘብ ሲጠየቅ
• ከተፈረመበት ያነሰ ሲሰፈር። ማንበብ ለማይችል ሰው፣ አሻራውን ከማሳረፉ በፊት የተጻፈው ኪሎ ይነበብለት።

ከድርሻዋ ጥቂት ሸጣ ለልጇ መድኃኒት የገዛችውን እናት ግን ከሌባ አትቁጠሯት።

«ሐሜት ይሆንብኛል» ብላችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁ፣ ኢማም ነወዊይ በሪያዱ ሷሊሒን ሰውን በሌለበት ማንሳት ከሚፈቀድባቸው 6 ሁኔታዎች መካከል፣ የተበደለ ሰው ለሚመለከተው አቤት ማለቱንና መጥፎን ነገር ለማስቆም እገዛ መጠየቅን ጠቅሰዋል። የሚነገረው ግን ለሚመለከተው ነው፤ ለቡና ወሬ አይደለም።

ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ መጠኑን። የሰማችሁትን «ሰማሁ» በሉ፤ በጥርጣሬ የሰው ስም አታጥፉ። ጉዳዩ የሴፍቲኔት ከሆነ ከቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጀምሩ፤ ካልሰማችሁ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ፀረ ሙስና ሂዱ። የምትጠረጥሩት ሰው እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ካለ ከበላዩ ጀምሩ። በከባድ ወንጀሎች ለጠቋሚና ለምስክር ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅም አለ፤ ቁጥሩ 699/2003 ነው።

እህሉን የምታከፋፍሉ ወንድሞች ሆይ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዘካ ሰብሳቢነት የላኩት ሰው ከፊሉን «ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው» ባለ ጊዜ፣ በአባትና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠይቀዋል። እናንተም ሚዛኑን ከመያዛችሁ በፊት ይህንኑ ራሳችሁን ጠይቁ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!